ማን ይግባ? የቆዳ ቀለምና የአሜሪካ ኮሌጆች በር

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

  

ዛሬ የምናወራው ስለ ኮሌጅ ቅበላ ነው። ጥያቄው አጭር ነው። ኮሌጅ ተማሪ ሲመርጥ የአመልካቹን የቆዳ ቀለም ማየት አለበት ወይስ የለበትም?

ጥያቄው አጭር ይሁን እንጂ አሜሪካን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደጋግሞ አይቶታል፤ በ2023 ደግሞ ለዓመታት ሲፈቅደው የኖረውን አሠራር ራሱ አስቁሞታል። ነገሩ አሜሪካ በምንኖር ሐበሾች ቤትም ገብቷል። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ «ልጄ ፎርሙ ላይ ጥቁር ብሎ ይሙላ ወይስ ይተወው? ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?» ስትሉ እንሰማለን። ወደዚያ እንደርሳለን። ግን ከሥሩ ካልጀመርን መልሱ አይጨበጥም።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሂዩስተን፣ ቴክሳስ፣ 1946። ሄማን ስዌት የሚባል ፖስታ አዳይ ነበር። ኮሌጅ ጨርሷል። ሕግ መማር ፈለገና ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አመለከተ። ተከለከለ። ለምን? ጥቁር ስለሆነ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረም። የግዛቲቱ ሕግ ራሱ ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይማሩ ያዝዝ ነበር።

ስዌት ከሰሰ። ጠበቃው ማን መሰላችሁ? ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ጥቁር ዳኛ የሆኑት ተርጉድ ማርሻል ናቸው። ግዛቲቱም «እንግዲያው ለጥቁሮች ለብቻቸው የሕግ ትምህርት ቤት እንከፍታለን» አለች። መጀመሪያ ኦስቲን ከተማ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት አዘጋጀች፤ ቀጥሎ ሂዩስተን ላይ ሌላ አቋቋመች። የነጮቹ ትምህርት ቤት 65 ሺህ መጻሕፍት ነበሩት። ለጥቁሮች የተከፈተው ግን 17 ሺህ እንኳ አልሞላለትም።

በ1950 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ለስዌት ፈረደ። ዳኞቹ መጻሕፍትና መምህራን ቆጥረው አላበቁም። የሚቆጠረውን ሁሉ ብታስተካክሉት እንኳ የማይቆጠር ነገር አለ አሉ፤ የትምህርት ቤቱ ስም፣ የመምህራኑ ዝና፣ ቀድመው የተመረቁ ሰዎች ተሰሚነት።

እባካችሁ ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፦ ቀድመው የተመረቁ ሰዎች ተሰሚነት። ቆየት ብዬ እፈልጋታለሁ።

ከዚያ ፍርድ በኋላ በሩ ወዲያው ወለል ብሎ አልተከፈተም። በ1962 ጄምስ ሜሬዲት ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በተነሣው ረብሻ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። በ1963 ደግሞ የአላባማው ገዥ ጆርጅ ዋላስ፣ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች እንዳይመዘገቡ ራሳቸው በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ቆመዋል። ይህ የወላጆቻችን ዕድሜ ነው፤ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

(አጭር ቆይታ)

እሺ፣ ክልከላው ተነሣ እንበል። ታዲያ ከዚያ ወዲያ ሁሉም እኩል ሆነ ማለት ነው?

በ1965 ሰኔ ወር ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ላይ ተገኝተው ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ሃዋርድን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከዩ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ነው።  ጆንሰን ያሉት ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ለዘመናት እግሩ በሰንሰለት ታስሮ የኖረን ሰው ፈታችሁ፣ የሩጫው መነሻ መስመር ላይ አቁማችሁ፣ «በል እንግዲህ ከሌሎቹ ጋር ተወዳደር» ብትሉት ፍትሕ አደረጋችሁ አያሰኝም። ሩጫ ለምናውቅ ለእኛ ይህን ማብራራት አያሻም።

አፈርማቲቭ አክሽን የሚባለው፣ ወደ ኋላ ለቀሩ ወገኖች በቅበላ ላይ ድጋፍ የሚያደርግ አሠራር በኮሌጆች የተስፋፋው ከዚህ ሐሳብ ተነሥቶ ነው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ነገሩ አይጠፋችሁም። ለሴት ተማሪዎች፣ ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለጋምቤላና ለቤኒሻንጉል ተማሪዎች የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ ይል እንደነበር ታስታውሱታላችሁ። ያኔም ዶርም ውስጥ ያጨቃጭቅ ነበር።

1965 ለእኛ ሌላም ትርጉም አለው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ጆንሰን አዲስ የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረሙ። ያ ሕግ ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓ ሰዎች ያደላ የነበረውን የአገር ኮታ አስቀረ። ሕጉ ብቻውን የወጣ አይደለም። የሲቪል መብት ሕጉና የመራጮች መብት ሕጉ በወጡበት ሰሞን፣ ጥቁር አሜሪካውያን በደማቸው ባመጡት ለውጥ መሐል የወጣ ነው። እኛ ዛሬ አሜሪካ ቁጭ ብለን ስለ ልጆቻችን ኮሌጅ የምንጨነቀው እነሱ በጠረጉት መንገድ መጥተን ነው። ይህን ሳንይዝ ወደሚቀጥለው ባንሄድ እመርጣለሁ።

(ሙዚቃ)

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ እንሂድ። ዴቪስ የሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት በ1970ዎቹ በዓመት 100 ተማሪዎች ይቀበል ነበር። ከመቶው 16ቱን መቀመጫ ለብቻ ይዞ ለጥቁርና ለሌሎች አናሳ ወገኖች ያስቀምጣል። አለን ባኪ የሚባል ነጭ አመልካች ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። «በ16ቱ መቀመጫ ከገቡት ውስጥ ከእኔ ያነሰ ውጤት ያላቸው አሉ፤ እኔ ግን ነጭ በመሆኔ ለእነዚያ መቀመጫዎች መወዳደር እንኳ አልቻልኩም» ብሎ ከሰሰ።

አድማጮቼ፣ እናንተ ዳኛ ብትሆኑ ምን ትፈርዱ ነበር? አንድ ደቂቃ አስቡት።

(አጭር ቆይታ)

በ1978 ስምንቱ ዳኞች አራት ለአራት ተከፈሉ። መሐል ላይ የቀሩት ዳኛ ሉዊስ ፓወል ለሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ ሰጡ። መቀመጫ ቆጥሮ መያዝ፣ ማለትም ኮታ፣ አይቻልም፤ ባኪም ይግባ አሉ። ነገር ግን ኮሌጅ የአመልካቹን ዘር ከብዙ ነገሮች መካከል እንደ አንዱ ቢያየው ክልክል አይደለም አሉ። ደህና አድርጎ ይሠራበታል ብለው በምሳሌነት የጠቀሱት ኮሌጅ ደግሞ ሃርቫርድ ነበር።

ግን ልብ በሉ፤ የተፈቀደበት ምክንያት ምን ነበር? ጆንሰን ስለ ሰንሰለቱ ነበር የተናገሩት፤ ስለ ደረሰ በደል። ፓወል ግን ያንን አልተቀበሉም። ማኅበረሰቡ ባለፈው ዘመን ያደረሰውን በደል መካስ የአንድ ኮሌጅ ሥራ አይደለም ብለው፣ ሌላ ምክንያት አስቀመጡ። ልዩ ልዩ ኑሮ የኖሩ ተማሪዎች አብረው ሲማሩ ትምህርቱ ይበለጽጋል፤ ይህ ለሁሉም ይጠቅማል አሉ።

ልድገመው፤ የዛሬው ወሬያችን ቁልፍ ይህ ነው። አሠራሩ የተጀመረው ካሳ ተብሎ ነው። ከ1978 ወዲህ በሕግ የቆመው ግን ስብጥር ተብሎ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ አፈርማቲቭ አክሽን ያን ቀን ፍርድ ቤት አሸነፈ ቢባልም እግሩን ያጣው ያን ቀን ነው። ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ምክንያቱ ካሳ ቢሆን ኖሮ፣ «ማን ነው የተበደለው?» ተብሎ ይጠየቃል። ምክንያቱ ስብጥር ሲሆን ግን ያ ጥያቄ ይቀራል። ክፍሉ ውስጥ ጥቁር ተማሪ መኖሩ ይበቃል፤ ከየት የመጣ ጥቁር እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ታዲያ ማን ገባ? በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሃርቫርድ ጥቁር ምሩቃን ተሰብስበው በነበረበት ጊዜ ፕሮፌሰር ላኒ ጊኒየርና ፕሮፌሰር ሄንሪ ልዊስ ጌትስ ብዙዎች በሹክሹክታ የሚያወሩትን በአደባባይ አነሡት። ከሃርቫርድ ጥቁር ተማሪዎች አብዛኞቹ ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡ ስደተኞች፣ የእነሱ ልጆች፣ ወይም ከጥቁርና ከነጭ ወላጅ የተወለዱ ናቸው፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸው አሜሪካ ውስጥ በባርነት የኖሩት ልጆች ግን ጥቂት ናቸው አሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዳግላስ ማሲ የተባሉ የፕሪንስተን ሶሲዮሎጂስትና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳየ። አይቪ ሊግ በሚባሉት ስመ ጥር ኮሌጆች ከመቶ ጥቁር ተማሪ 40 ያህሉ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። በአገሪቱ ውስጥ በዚያ ዕድሜ ካሉት ጥቁር ወጣቶች ግን የስደተኛ ልጆቹ ከመቶ 13 ገደማ ብቻ ነበሩ።

እነዚህ የስደተኛ ልጆች እነማን ናቸው? የናይጄሪያ ልጆች፣ የጋና ልጆች፣ የጃማይካ ልጆች፤ የእኛም ልጆች አሉበት።

ይህን ስናገር ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ልጆቻችን በጉብዝናቸው ነው የሚማሩት። የቆዳቸው ቀለምም ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆማቸው «አንተ የሐበሻ ልጅ ነህ፣ እለፍ» አያሰኝላቸውም። መድልዎው ይደርስባቸዋል። ግን አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብን። ለሌላ ሰው ቁስል በታሰበ መድኃኒት እኛም ተጠቅመናል። በየቤታችን ቡና ላይ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ክፉ የምንናገር ሰዎች አለን፤ «እነሱ መማር አይወዱም» የምንል አለን። የማን ትግል በሩን እንደከፈተው የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚናገረው።

(ሙዚቃ)

ወደ ፍርድ ቤቱ እንመለስ። በ2003 ሁለት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጉዳዮች በአንድ ቀን ተወሰኑ። ዩኒቨርሲቲው ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾች ነጥብ ይሰጥ ነበር። ጥቁር፣ ላቲኖ ወይም የነባር ሕዝብ ተወላጅ መሆን 20 ነጥብ ያስገኛል። የኤስኤቲ ፈተና ላይ ሙሉ ውጤት ማምጣት ደግሞ 12። እዚህ ላይ ፊታችሁን አኮሳትራችሁ ይሆናል፤ እኔም የነጥቡ አሠራር ሸካራ እንደነበር አልክድም። ግን ስፖርተኛ መሆንም 20 ነጥብ ያስገኝ ነበር። ወላጅህ እዚያ ተምሮ ከሆነም 4 ነጥብ ይታከልልሃል። ስለነዚህ የከሰሰ ሰው አልነበረም።

ፍርድ ቤቱ ነጥብ መስጠቱን ከለከለ፤ የሕግ ትምህርት ቤቱ እያንዳንዱን ማመልከቻ ለብቻው እያየ ዘርን እንደ አንድ ነገር መመዘኑን ግን ፈቀደ። ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ከ25 ዓመት በኋላ ይህ አያስፈልግም ብለን እንጠብቃለን ሲሉ ጻፉ። 25 ዓመቱ አልሞላም። በ20 ዓመቱ ተዘጋ።

(አጭር ቆይታ)

የዘጋው የሃርቫርድ ጉዳይ ነው። ኤድዋርድ ብለም የሚባሉ ሰው ያቋቋሙት ድርጅት በ2014 ሃርቫርድንና የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን ከሰሰ። በዚህ ጊዜ ተበደሉ የተባሉት ነጮች ብቻ አልነበሩም። በሃርቫርድ ላይ የቀረበው ዋናው ክስ ስለ እስያ አሜሪካውያን ነበር፤ የቻይና፣ የኮሪያ፣ የሕንድ፣ የቬትናም ልጆች።

ችሎቱ የሃርቫርድን የቅበላ ጓዳ አስከፈተ። ሃርቫርድ ለአመልካች ከሚሰጣቸው ደረጃዎች አንዱ ለሰውየው ጠባይ የሚሰጥ ነው፤ ደግነት፣ ድፍረት፣ ሰው የሚወደው ዓይነት መሆን፣ የመሳሰለው። የእስያ ልጆች በትምህርት ከሁሉም ይበልጣሉ። ጠባይ ላይ ሲደርሱ ግን ደረጃቸው ዝቅ ይላል። ለምን? ጉዳዩን በመጀመሪያ ደረጃ ያዩት ዳኛ አሊሰን ቦሮውስ በ2019 ሆን ተብሎ የተፈጸመ መድልዎ አላገኘሁም ብለው ለሃርቫርድ ፈረዱ። እንዲያም ሆኖ ይህ ነገር እኔን ይቆረቁረኛል። በቁጥር የማይለካ መስፈርት ካለ፣ የመዛኙ ልማድና ግምት ሹልክ ብሎ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ከዚያው ችሎት ሌላም ነገር ወጣ። ልዩ ቅድሚያ የሚሰጣቸው አራት ዓይነት አመልካቾች አሉ፤ ስፖርተኞች፣ የቀድሞ ተማሪ ልጆች፣ የሃርቫርድ መምህራንና ሠራተኞች ልጆች፣ እንዲሁም አብዛኛውን ጊዜ ከለጋሾች ጋር ግንኙነት ስላላቸው በኃላፊዎቹ ልዩ ዝርዝር የሚያዙ። የከሳሹ ባለሙያ የነበሩት ኢኮኖሚስት ከባልደረቦቻቸው ጋር መዝገቡን አገላብጠው አዩት። ሃርቫርድ ከተቀበላቸው መቶ ነጭ ተማሪዎች 43ቱ ከነዚህ ከአራቱ የአንዱ ወገን ነበሩ። ከጥቁር፣ ከእስያና ከላቲኖ ተማሪዎች ግን ከመቶ 16 አይሞሉም። ከነዚያ 43 ነጮች ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ልዩ ቅድሚያው ባይኖር ኖሮ አይገቡም ነበር።

አሁን ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን አምጡልኝ። ቀድመው የተመረቁ ሰዎች ተሰሚነት! በ1950 ፍርድ ቤቱ ስዌትን የቀረበት ትልቅ ነገር ይህ ነው ብሎ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ስዌትን ቴክሳስ አላስገባ ባለችበት ዘመን በስመ ጥሮቹ ኮሌጆች በብዛት የተመረቀው ማን ነው? ነጭ ነው። የማን ልጅና የልጅ ልጅ ነው እንግዲህ «አያቴ እዚህ ተምሯል» የሚለው? የቆዳ ቀለም የሚጠይቅ ሣጥን ፎርሙ ላይ ባይኖር እንኳ ወላጅህ የት ተማረ የሚለው ጥያቄ ያንኑ ቀለም በሌላ በር ያስገባዋል። በደቡቡ ግዛቶች ሕግ፣ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ልማድ የሠራው ክልከላ እንደ ርስት እየተወረሰ መጣ ማለት ነው።

(ሙዚቃ)

ጁን 29 ቀን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደ። በሰሜን ካሮላይና ጉዳይ ስድስት ለሦስት፤ በሃርቫርድ ጉዳይ ስድስት ለሁለት፤ ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን የሃርቫርድ የበላይ ቦርድ አባል ስለነበሩ ከሃርቫርዱ ጉዳይ ራሳቸውን አግልለዋል። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በጻፉት ውሳኔ ኮሌጆች የአመልካቹን ዘር ቆጥረው ማስገባታቸው ተከለከለ። የጦር አካዳሚዎችን ጉዳይ ብቻ ሳይነካ አለፈው። በችሎቱ ካሉት ሁለት ጥቁር ዳኞች ክላረንስ ቶማስ ከአብላጫው ጋር ሆኑ፤ ጃክሰን በሰሜን ካሮላይናው ጉዳይ ተቃወሙ። ጥቁር ሁሉ አንድ ዓይነት ያስባል ለሚሉ ይህ ራሱ መልስ ነው።

ስለ ቀድሞ ተማሪ ልጆችስ ምን ተወሰነ? ምንም። ጉዳዩ ያ አልነበረምና ቅድሚያው ባለበት ቀረ።

የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ እነሆ። አንድ ልጅ በቆዳው ቀለም ብቻ ነጥብ ሲታከልለት ቅር የሚላቸውን ሰዎች እረዳቸዋለሁ። የእስያ ወላጆች ቅሬታም እውነተኛ ነው። ነገር ግን የባሪያ ልጅ ልጅን ሚዛን ከልክሎ የባንክ ባለቤቱን የልጅ ልጅ ሚዛን የሚተው ሥርዓት ቀለም አያይም ቢባል አልቀበለውም። በዚያው 2023 ሐምሌ ወር የወጣ የራጅ ቼቲና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ተመሳሳይ የፈተና ውጤት ካላቸው ልጆች መካከል ከላይኛው አንድ በመቶ ሀብታም ቤተሰብ የወጣ ልጅ ወደ ስመ ጥሮቹ ኮሌጆች የመግባት ዕድሉ ከመካከለኛ ኑሮ ልጅ ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ተመሳሳይ ውጤት ብያለሁ፤ ልብ በሉ።

(አጭር ቆይታ)

ከውሳኔው በኋላ ምን ሆነ? እንደየኮሌጁ ነው። ኤምአይቲ በ2024 በተቀበላቸው አዲስ ተማሪዎች ውስጥ ጥቁሮቹ ከመቶ 13 ገደማ ወደ 5 ወረዱ፤ የእስያ ልጆች ከ40 ገደማ ወደ 47 ወጡ። ዬል ላይ ግን የጥቁሮቹ ቁጥር 14 እንደነበረ ቀረ፤ የወረደው የእስያ ልጆች ቁጥር ነው። ስለዚህ ከአንድ ዓመት ቁጥር ተነሥቶ «አለቀልን» ወይም «ምንም አልተነካንም» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ረጋ በሉ።

ሌላም መንገድ ተሞክሯል። ቴክሳስ በ1997 ባወጣችው ሕግ ከየሃይስኩሉ በውጤታቸው ከላይኛው አሥር በመቶ ውስጥ የሆኑ ተማሪዎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመግባት መብት አገኙ። ዘር አይጠየቅም፤ ጥቁሩም፣ ላቲኖውም፣ ገጠሬው ነጭ ልጅም ይገባል። ብልሃቱ የሚሠራው ግን የጥቁር ልጆች በአንድ ሃይስኩል፣ የነጭ ልጆች በሌላ ስለሚማሩ ነው። ሰፈሩ ባይከፋፈል ኖሮ ውጤቱ ያንን ያህል አይሆንም ነበር።

ለቨርጂኒያ አድማጮቻችን ደግሞ ቅርብ ምሳሌ አለ፤ ፌርፋክስ ካውንቲ ያለው ቶማስ ጀፈርሰን ሃይስኩል። እሱ ኮሌጅ ባይሆንም ክርክሩ ያው ነው። በ2020 የመግቢያ ፈተናውንና የማመልከቻ ክፍያውን አስቀርቶ፣ ከየመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከመቶ አንድ ተኩል ለሚሆኑ ተማሪዎች ቦታ መያዝ ጀመረ። የጥቁርና የላቲኖ ተማሪ ቁጥር ጨመረ፤ የእስያ ልጆች ከመቶ 73 ወደ 54 ወረዱ። ወላጆች ከሰሱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2024 ጉዳዩን አላይም አለ። ስለዚህ ዘርን ሳይጠይቁ ሰፈርንና ኑሮን ማየት በዚያ ጉዳይ አልተከለከለም።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

አሁን ወደ ወላጆች ጥያቄ። ልጄ ሣጥኑን ይሙላ ወይስ ይተወው? መሙላትም መተውም መብቱ ነው። ቢሞላው ለስታቲስቲክስ ይመዘገባል እንጂ ኮሌጁ በዚያ ተመርኩዞ ሊያስገባው ወይም ሊከለክለው አይፈቀድለትም። እንግዲህ ሣጥኑ ላይ አትጨነቁ።

መጨነቅ ያለባችሁ በድርሰቱ ነው። ዋና ዳኛ ሮበርትስ በዚያው ውሳኔ ላይ አመልካች ዘሩ በኑሮው ላይ ያመጣበትን ነገር ቢጽፍ፣ ኮሌጁ ያንን ማንበቡ አይከለከልም ብለዋል። ግን የሚመዘነው የልጁ ድፍረት፣ ብርታት፣ ችሎታ ነው እንጂ የቆዳው ቀለም አይደለም። ልዩነቱ ገብቷችኋል? «እኔ ጥቁር ነኝ» ማለት አይበቃም። የደረሰበትንና እሱ ያደረገውን መጻፍ አለበት።

ልጆቻችን ደግሞ የሚጻፍ ነገር አላቸው፤ እነሱ ግን የሚጻፍ አይመስላቸውም። ሆስፒታል ለእናቱ የሚያስተረጉም ልጅ አለ። ከኢሚግሬሽን የመጣ ደብዳቤ በአሥር ዓመቱ ያነበበ አለ። አባቱ ሌሊት ሲሠራ ታናናሾቹን አብልቶ የቤት ሥራ የሚያሠራ፣ ቅዳሜ ቤተሰቡ ሱቅ ውስጥ የሚቆም አለ። ይህን ሁሉ «የቤት ሥራ ነው» ብለው ይተውታል። ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ ግን የቤተሰብ ኃላፊነት የሚሞላበት ቦታ አለው፤ ከእግር ኳስ ቡድንና ከክበባት እኩል የተቀመጠ። ይሙሉት። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነም የማመልከቻ ክፍያውን ማስነሣት ይቻላል፤ የሃይስኩሉን ካውንስለር ጠይቁ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልሰናበት። በ2024 ቨርጂኒያ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ለቀድሞ ተማሪና ለለጋሽ ልጅ ቅድሚያ መስጠትን በሕግ ከለከለች። ሜሪላንድ በመንግሥትም በግልም ኮሌጆች ከለከለች። ኢሊኖይና ካሊፎርኒያም በዚያው ዓመት ሕግ አውጥተዋል። በሌሎች ብዙ ግዛቶች ግን ቅድሚያው እንደተፈቀደ ነው። ዜግነት ያላችሁ፣ ድምፅ የምትሰጡ አድማጮች፣ የግዛታችሁ ምክር ቤት ተወካይ በዚህ ላይ ምን አቋም እንዳላቸው በስልክም በደብዳቤም ጠይቋቸው። ሐበሻ ለምርጫ ሲሰለፍ ስለ ውጭ ጉዳይ ብቻ የሚጠይቅ የሚመስላቸው አሉ፤ ስለ ልጆቻችን ትምህርትም እንደምንጠይቅ ይወቁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ፋፍሳ አሞላል፣ ማለትም ከመንግሥት ስለሚገኘው የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ እናወራለን፤ ጥያቄዎቻችሁን ከአሁኑ ላኩልን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)